ጥርስ የሚያበቅል ቡችላ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች

ደሴ ውስጥ እንግዳውም ባለቤቱም ጫማውን በረንዳ ላይ አውልቆ የሚገባበት ቤት ብዙ ነው። በግቢው አራት ወር የሞላው ቡችላ ካለ፣ ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ የጫማ ፍለጋ ይጀመራል። አንዱ እግር ከውኃ ሮቶው ሥር ይገኛል፤ ሌላው ማሰሪያው ተበጥሶ፣ ተረከዙ ተመንዥኮ ከጓሮ ይወጣል። የሰሌኑ ጠርዝ፣ የመጥረጊያው እጀታ፣ ለፀሐይ የወጣው ሰፌድ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ጫፍ፣ ሁሉም ጥርስ አርፎባቸዋል።

ወሎ ውስጥ ጉዳቱ በብር ብቻ አይለካም። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ተከራይተው፣ በአንድ ቤተሰብም ተጋብተው የሚኖሩበት አገር ነው። ውሻን ለቤት ጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን ማሳደግ በእስልምና የተፈቀደ ሆኖ፣ የሻፊዒ መዝሀብ ግን የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር እንዲታጠብ ያዛል። ስለዚህ የጎረቤትን መስገጃ ጎትቶ ያኘከ ቡችላ ያበላሸው ጨርቅ ብቻ አይደለም። ቅያሜም ያመጣል። ባለቤቱም ዱላ ያነሣል፤ ወይም ቡችላውን በአጭር ሰንሰለት ያስረዋል።

ቡችላው ግን እያጠፋ መሆኑን አያውቅም። ሲወለድ ጥርስ የለውም። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ስምንተኛው ባለው ጊዜ 28 የወተት ጥርሶች ይበቅሉለታል፤ ቀጫጭኖችና ጫፋቸው የሾለ ናቸው። ሦስት ወር ከሞላው በኋላ ቋሚዎቹ ጥርሶች ከድዱ ውስጥ ወደ ላይ ሲገፉ የወተት ጥርሱ ሥር እየሟሟ ይላላል፣ ይወልቃል። መጀመሪያ የፊት ጥርሶች ይቀየራሉ፤ ክራንቻዎቹና የጎን ጥርሶቹ ይከተላሉ፤ የኋላ መንጋጋዎች መጨረሻ ይወጣሉ። ስድስት ወይም ሰባት ወር ሲሞላው በአፉ ውስጥ 42 ጥርሶች ይኖራሉ። መስከረም መጀመሪያ ላይ የተወለደ ቡችላ ከታኅሣሥ ጀምሮ ጥርስ መጣል ይጀምራል፤ ሚያዝያ ላይ ሥራው ያልቅለታል። የቤቱ ዕቃ ፈተና የሚበዛው በእነዚህ ወራት ነው።

በዚህ ጊዜ ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፤ ልጋጉም ይበዛል። ሲያኝክ ግፊቱ ሕመሙን ያስታግስለታል። የሰው ልጅ የወለቀች የወተት ጥርሱን ጣሪያ ላይ ይወረውራል፤ ቡችላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምግቡ ጋር ይውጣታል፣ አትጎዳውም። ባኘከው ጨርቅ ላይ ጥቂት የደም ነጠብጣብ ቢታይም አያስደነግጥም። ምግብ ከቀነሰ እንጀራውን ለብ ባለ ውኃ ወይም ቅመም፣ ሽንኩርትና ጨው በሌለበት የሥጋ መረቅ አርሶ መስጠት ይበቃል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ ደም ጎጂ ስለሆኑ የወጥ ትራፊ የሚመረጥ ምግብ አይደለም። ጾም ሲገባ ደግሞ የግቢ ውሻ ድርሻ ይሳሳል፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ቡችላ ግን በቀን ሦስት ጊዜ መብላት አለበት። የራበው ቡችላ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል።

ዱላው የማይሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ውሻ ቅጣትንም ሽልማትንም የሚያያይዘው በዚያችው ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ጫማው ከተበላ ከአንድ ሰዓት በኋላ የተመታ ቡችላ የሚማረው ባለቤቱን መፍራት ነው። ሰንሰለቱ ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል፣ የማይሮጥ፣ የሚያጫውተው የሌለ ቡችላ ጉልበቱን በአፉ ያወጣል፤ ሰንሰለቱን ራሱን እያኘከም አዲስ የበቀለ ጥርሱን ይሰብራል። ለቡችላ ከዱላው ቀድሞ መቅረት ያለበት ሰንሰለቱ ነው።

የሚሠራው መለወጥ ነው። ቡችላው ጫማ ይዞ ሲገኝ ማባረር አያስፈልግም፤ ማባረሩን እንደ ጨዋታ ይቆጥረዋል፣ ነገም ይደግመዋል። ረጋ ብሎ ቀርቦ የተፈቀደለትን ነገር አፉ ዘንድ ማቅረብ፣ ጫማውን ሲለቅ ወዲያው ማመስገንና ያንን መስጠት ነው። ያረጀ ጫማ መስጠት ግን ትልቅ ስሕተት ነው። አሮጌውን ሸበጥ ከአዲሱ የቆዳ ጫማ የሚለይበት ዘዴ የለውም፤ ሁለቱም የባለቤቱን እግር ይሸታሉ።

የተፈቀደው ነገር ምን ይሁን? ቅዝቃዜ ድድን ያደነዝዛል፤ በዚህ ደሴ ዕድለኛ ናት። ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ሌሊቷ ይበርዳል። ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ጠምዝዞ፣ መካከሉን ቋጥሮ፣ ውኃ አርሶ ማታ ደጅ ላይ የሰቀለ ሰው ጠዋት ያለ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ማኘኪያ ያገኛል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ የምትገኘው ኮምቦልቻ ሞቃታማ ናትና እዚያ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ያስፈልጋል። ከሰኞ ገበያ የተገዛ ወፍራም ካሮት ታጥቦ ቢቀዘቅዝም ጥሩ ማኘኪያ ነው። ኳስ የሚሰጥ ሰው ቡችላው ሊውጠው ከሚችለው የተለቀ ይምረጥ። ጨርቁ ክር ማውጣት ሲጀምር መቀየር አለበት፤ የተዋጠ ክር አንጀት ይቋጥራል።

በክረምት መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ለዚህ ዕድሜ አደገኛ ትራፊ ይተዋል። ቆረቆንዳው ተቆርጦ ሲዋጥ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ አንጀት ይዘጋል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የበግ ሰኮናና ቀንድ ከጥርሱ ስለሚጠነክሩ ጥርሱን ይሰብራሉ። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ውስጡ የብረት ክር አለው። ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ ቁርጥራጭም ቆዳ ስለሆነ ብቻ ለውሻ አይሰጥም፤ ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮም ጨው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጠንቀቅ መባል ያለበት ግን የበዓል ዕለት ነው። ለዓመት በዓል ወይም ለአረፋ በግ ሲታረድ ሳንባውና የተበላሸ ጉበት ለግቢው ቡችላ ይወረወራል፤ ጥርሱ ለሚያሳክከው ቡችላ የሚላመጥ ነገር የተገኘ ይመስላል። በሳንባውና በጉበቱ ላይ አንዳንዴ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ይህ ሃይዳቲድ የሚባለው የትል እጭ ነው። ቡችላው ጥሬውን ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የኮሶ ትል ዓይነት ይራባል፤ ከሳምንታት በኋላ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ በቡችላው ጸጉር፣ በአፈሩና በጎመኑ በኩል ልጆች አፍ ይደርሳል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የሚያድገው ከረጢት ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል። በኮምቦልቻው ኤልፎራ ቄራና በደሴ ማዘጋጃ ቤት ቄራ የተካሄዱ የእንስሳት ሕክምና ጥናቶች ይህንኑ ከረጢት በታረዱ እንስሳት ላይ አግኝተዋል፤ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ደኅና የሚመስለውም ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይፈላ ለውሻ መሰጠት የለበትም።

ዕቃውን ማንሣት የሥራው ግማሽ ነው። የቻርጀር ገመድ፣ ፌስታል፣ የአይጥ መርዝ፣ ከአጥር ሥር የበቀለ የጉሎ ፍሬ ቡችላ ከሚደርስበት ይራቁ። በበር እጀታና በወንበር እግር ላይ በውኃ የቀጠነ አቼቶ መቀባት ያርቀዋል። በርበሬ ግን ዓይኑንና አፍንጫውን ያቃጥላል፤ ሬትም መራራ ስለሆነ ብቻ አይመረጥም፤ ሆዱን ያስቀምጠዋል።

ሰው መንከሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ቡችላ ምን ያህል ሲነክስ እንደሚያሳምም የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ነው፤ ጠንክሮ ሲነክስ ይጮኹበታል፣ ጨዋታው ይቋረጣል። በወሩ ከእናቱ የተወሰደ ቡችላ ይህ ትምህርት ይጎድለዋል። ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየቱ ልጆች ላሉበት ቤት ትልቅ ጥቅም አለው። ልጅን ሲነክስም ጨዋታውን አቁሞ፣ እጅን ሰብስቦ መራቅ ያስተምረዋል።

የቡችላ ንክሻ ግን ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ሰው ይገድላል፣ ቡችላንም ይይዛል። ማላገግና እንጨት፣ ድንጋይ፣ አፈር መንከስ የበሽታው ምልክትም ነው፤ ጥርስ የሚያበቅለው ቡችላ ግን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጫወታል። ድምፁ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የሚንገዳገድ ወይም ሳይነኩት የሚናከስ ቡችላ አይነካም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ዕለቱን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚጀመርበት ዕድሜና የወተት ጥርስ መውለቅ የሚጀምርበት ዕድሜ አንድ ነው፤ ሦስት ወር። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ለጥርሱም ይጠቅማል፤ በሽታው ገና በድድ ውስጥ የሚሠራውን ቋሚ ጥርስ ልባስ ይጎዳዋል። ከግቢው አጥር ውጭ የሚተርፍ ጥቅምም አለ። ደቡብ ወሎ በቦረና ሳይንት ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት ዞን ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ፣ በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር ብዙዎቹን ፈጅቷል። የበሽታዎቹ ምንጭ ያልተከተቡ የቤት ውሾች ናቸው።

ቡችላው ሰባት ወር ሲሞላው አፉን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። የወተት ክራንቻው ሳይወልቅ ቋሚው ከጎኑ ከበቀለ ምግብ በመካከላቸው እየገባ ድዱን ያቆስላል፤ ንክሻውም ይጣመማል። ማውጣቱ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ ሥሩ ረጅም ስለሆነ ቤት ውስጥ በፒንሳ የተጎተተ ጥርስ ተሰብሮ ድድ ውስጥ ይቀርና ይመግላል።