የካንሰር ሕመምተኛ እግር ሲያብጥ

ካንሰር ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚታየን ዕጢው ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ከዕጢው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሌላ አደጋ ነው፤ ስለ ደም መርጋት።

ደም መርጋቱ በራሱ ክፉ አይደለም። ጣታችን ሲቆረጥ ባይረጋ እኮ ፈሶ ያልቅ ነበር! ችግሩ ቁስል ሳይኖር ደም ሥር ውስጥ ሲረጋ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አርማን ትሩሶ ይህ ከካንሰር ጋር እንደሚያያዝ እ.ኤ.አ. በ1865 አስተምሯል። የሚገርመው፣ ቆይቶ ምልክቱን በራሱ አካል ላይ አየው፤ በ1867ም በካንሰር ሞተ።

ለምን ይረጋል? ምክንያቶቹ በሦስት ይጠቃለላሉ። አንደኛ፣ ዕጢው ደምን የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። ሁለተኛ፣ ሕመምተኛው ሲተኛ ወይም ዕጢው ደም ሥሩን ሲጫን የደም ዝውውሩ ይዘገያል። ሦስተኛ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒና ደም ሥር ውስጥ የሚቆይ የመድኃኒት ቱቦ የደም ሥሩን ግድግዳ ይጎዳሉ።

ስጋቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። የቆሽት፣ የጨጓራና የአንጎል ካንሰር ያለባቸው የበለጠ ይጋለጣሉ። ካንሰሩ ከተሰራጨ፣ ዕድሜ ከገፋ፣ ውፍረት ካለ ወይም ከዚህ በፊት ደም ረግቶ ከነበረ ደግሞ ይብሳል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከባሕር ዳር ተነስቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ቁጭ ብሎ መሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ አጋላጭ ነው። በየመሃሉ ወርዶ መንቀሳቀስ፣ ተቀምጠውም ቢሆን ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና ውኃ መጠጣት ይጠቅማል።

እኔ በምኖርበት በፋሲሎ የአንድ ሰው እግር ሲያብጥ ‹‹ብርድ ነው››፣ ‹‹መንገድ ነው›› ይባልና ወጌሻ ይጠራል። ለካንሰር ሕመምተኛ ግን ይህ አደገኛ ነው። የረጋው ደም ሲታሽ ተላቆ ሳንባ ውስጥ ሊሰነቀር፣ ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመና ከሞቀ ሳይታሽ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ሳል ደም ከቀላቀለ ደግሞ ለነገ አይባልም።

ደስ የሚለው፣ ሕክምና አለው። በአልትራሳውንድ ይታያል፤ በመርፌ ወይም በእንክብል በሚሰጥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይታከማል። መድኃኒቱ ግን ደም ሊያፈስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

እንግዲህ ነገ ስለ ካንሰር የምንዘግብ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች፣ ስለ ዕጢው ስንጽፍ እግሩንም አንርሳ። አንዲት ዓረፍተ ነገር አስታማሚን ከወጌሻ ቤት ወደ ሆስፒታል ልትመልስ ትችላለች።