«ክሮም ጫንበት» የማይፈታው ችግር

በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ የዕድሩ ወይም የቤተ ክርስቲያኑ ድረ ገጽ ተበላሽቶ ሲታየው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «ክሮም ጫንበት»። ስልኩ አይፎን ይሁን ሳምሰንግ፣ የታየው ሳጥን ይሁን የጥያቄ ምልክት፣ ከጋርላንድ እስከ አርሊንግተን መልሱ አይለወጥም። እምነቱ ከባዶ አልተነሳም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በነገሠበት ዘመን ብሮውዘሮች አንዱን ገጽ ለየቅል ያሳዩ ነበር፤ አንዳንዱ ድረ ገጽም በየትኛው ብሮውዘር መከፈት እንዳለበት ግርጌው ላይ ይጽፍ ነበር። ያ ዘመን ግን አልፏል፤ ማይክሮሶፍትም ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን በ2022 ጡረታ አውጥቶታል። ዛሬ የአማርኛ ጽሑፍ ሲበላሽ ብሮውዘሩ ጥፋተኛ ሆኖ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ጥፋቱ የት እንዳለ የብልሽቱ መልክ ራሱ ይናገራል፤ መልኩን ሳያዩ ብሮውዘር መቀየር ያንን ምልክት መጣል ነው።

በመጀመሪያ፣ «ቀየርኩ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ምንም አልቀየረም። ገጹን አንብቦ ስክሪን ላይ የሚስለው የብሮውዘሩ ሞተር ነው፤ በስፋት የሚሠራባቸው ሞተሮች ደግሞ ሦስት ናቸው። ክሮም፣ ኦፔራ፣ ብሬቭና ሳምሰንግ ኢንተርኔት የሚሠሩት ብሊንክ በተባለው ነው፤ ኤጅም የራሱን ትቶ ከ2020 ጀምሮ ወደዚሁ ገብቷል። ፋየርፎክስ ጌኮ፣ ሳፋሪ ዌብኪት አላቸው። እንግዲህ ከኤጅ ወደ ክሮም መሄድ የሞተር ለውጥ አይደለም። አይፎን ላይማ ነገሩ ይብሳል፤ አፕል በስልኩ ላይ የሚጫን ብሮውዘር ሁሉ ዌብኪትን እንዲጠቀም ስለሚያስገድድ፣ ቴክሳስ ውስጥ በአይፎን የተጫነ ክሮም ገጹን የሚስለው በሳፋሪ ሞተር ነው። በ2024 ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች የተፈቀደው ነፃነት ዳላስ አልደረሰም።

መልኩን እንመልከት። ጽሑፉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ከሆነ መልእክቱ በትክክል ደርሷል፤ የጎደለው መሣሪያው ፊደሉን የሚስልበት ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ለሕዝብ የቀረበው ግን በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። የሳጥን ዝናም የመጣው ከዚያ ክፍተት ነው። አሁን ዊንዶውስ ኤብሪማ፣ አፕል ኬፋ፣ አንድሮይድ ኖቶ የተባሉ የግዕዝ ፎንቶች ስላሏቸው ሳጥን ብርቅ ሆኗል። አማርኛው በደንብ እየተነበበ ከስልክ ቁጥሩ ጎን አንዲት ሳጥን ብቻ ከታየች ግን የጠፋው ፊደል አይደለም፤ የስልኳን ሥዕል የያዘው ሌላ ፎንት ሳይወርድ ቀርቷል።

ሁለተኛው መልክ ከሁሉ ይልቅ ያስደነግጣል። «ሰላም» ይታያል ሲባል የላቲን ፊደልና ምልክት ተቀላቅሎ ይመጣል። ልብ ብሎ ላየው ግን ሥርዓት አለው፤ አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን «ኤ» በየጥቂት ምልክቱ ይደጋገማል። ዋናዎቹ የግዕዝ ፊደላት በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ይወስዳሉ፤ የሁሉም የመጀመሪያ ባይት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ብሮውዘሩ ገጹ በአሮጌው የምዕራብ አውሮፓ ኮድ የተጻፈ መስሎት ሲያነበው ያ የመጀመሪያ ባይት ጭረት ያለበት «ኤ» ይሆናል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ዘጠኝ ባይት ነውና ሦስት «ኤ» ይወጣዋል። እዚህ የጠፋ ነገር የለም፤ ገጹ ወይም ሰርቨሩ ኮዱን በትክክል ሲያስታውቅ ጽሑፉ ይመለሳል። ሦስተኛው መልክ፣ ተርታውን የተደረደረ የጥያቄ ምልክት፣ ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ሲቀመጥ ዳታቤዙ ፊደሉን ስላላወቀው በምልክቱ ተክቶታል። ማይኤስኪውኤል እስከ 8.0 እትሙ፣ ማለትም እስከ 2018 ድረስ፣ ሌላ ካልታዘዘ የላቲን ኮድ ይጠቀም ነበር። እንዲህ የተቀመጠ ጽሑፍ በየትኛውም ብሮውዘር አይነሳም።

አራተኛው መልክ የራሳችን ውርስ ነው። በአሮጌዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ኮፒ ተደርጎ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ይሆናል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እነዚያ ፎንቶች በላቲን ኮድ ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ሳሉ እንጂ የፊደሉን ማንነት አልመዘገቡም። ከሁለት መቶ የሚበልጠውን ፊደል በማይበቃው የኮድ ቦታ ላይ ለማስፈር የተገኘ ብልሃት ነበርና አይናቅም። ነገር ግን ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት፤ አንባቢው ፎንት እንዲጭን መጠየቅ፣ በተለይ ስልክ ይዞ ለሚያነብ ሰው፣ መፍትሔ አይባልም።

«ታዲያ በሌላ ብሮውዘር ስከፍተው ለምን ሠራ?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ሠርቷል፤ የሠራበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ አዲሱ ብሮውዘር ባዶ መሆኑ ነው። ያረጀ የገጹ ቅጂ በካሽ አላስቀመጠም፤ ማስታወቂያ ማገጃ የለበትም፤ የትርጉም ቅንብሩም አልተነካም። ይህ የመጨረሻው እዚህ አገር ላለን ሰዎች ዋና ተጠርጣሪ ነው። ስልኩ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ሰው ክሮም የአማርኛ ገጽን እንዲተረጉምለት አንዴ ከፈቀደ በኋላ ይረሳዋል። ትርጉሙ የሰው ስም ያዛባል፤ አንዳንዴም የገጹን ውስጣዊ አደረጃጀት ስለሚነካ ቁልፉ ሲጫኑት አይሰማም። ይህን ለማረጋገጥ አዲስ ብሮውዘር አያስፈልግም፤ ያንኑ ገጽ በኢንኮግኒቶ መስኮት መክፈት ይበቃል። እዚያ ከተስተካከለ ጥፋቱ የተቀመጠ ቅጂ፣ የተጨመረ ነገር ወይም የትርጉም ቅንብሩ ነው። ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና አርን አንድ ላይ መጫን ገጹን እንደ አዲስ ያወርዳል። «ሁሉንም አጥፋ» የሚለው ምክር ግን ኩኪውንም ጠርጎ ከባንክም ከኢሜይልም ያስወጣል፤ ለዚህ ሕመም ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ነው።

ገጹ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት መምሰል አለበት የሚለውም አይቆምም። ኬፋና ኤብሪማ ስፋታቸው እኩል ስላልሆነ መስመሩ የሚሰበርበት ቃል ይለያያል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ሪቻርድሰን ከተማ ቁጭ ብሎ ገጹን የሠራ ባለሙያ በላፕቶፑ ያየውን፣ አዲስ አበባ ያለች አክስቱ ዳታ ለመቆጠብ በኦፔራ ሚኒ ስትከፍተው አታየውም። ኦፔራ ሚኒ በከፍተኛ ቁጠባ ሲሠራ ገጹን በራሱ ሰርቨር አዘጋጅቶ ጨምቆ ይልካል፤ ከገጹ ጋር የሚመጣውን ፎንትም አይጠቀምም። ጽሑፉ ከተነበበና ቅጹ ከተላከ ይበቃል፤ ጌጡ ቢቀር አያስከፋም።

የሞተሮች እውነተኛ ልዩነት የለም ማለት ግን አይደለም። አፕል፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ሞዚላ ከ2022 ጀምሮ ኢንተርኦፕ በተባለ ሥራ በየዓመቱ ልዩነቶችን እየመረጡ የሚያጠብቡት ስላለ ነው። ስለዚህ በኢንኮግኒቶም ያልተስተካከለ፣ በፋየርፎክስ ግን የተስተካከለ የገጽ አሰላለፍ ካለ፣ ለገጹ ባለቤት ሊነገረው ይገባል። «አይሠራም» ብቻ ከማለት የስልኩን ዓይነት፣ የብሮውዘሩን ስምና እትም፣ የስክሪኑንም ፎቶ መላክ ሥራውን ያቀልለታል። የታየው የጥያቄ ምልክት ከሆነና ዋናው ጽሑፍ ከእርስዎ ዘንድ ካለ እሱንም አብረው ይላኩ፤ ባለቤቱ ዘንድ ላይኖር ይችላል።