የቀለም ቴሌቪዥን ኢንዱስትሪ፦ ዋጋው ለምን ወረደ? ትርፉስ ወዴት ሄደ?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ወይም በካርጎ ዕቃ ሲልኩ ከሚመርጧቸው ስጦታዎች አንዱ ቴሌቪዥን ነው። ዛሬ በሠራተኛ አቅም የሚገዛው ይህ ዕቃ ከሰባ ዓመታት በፊት የባለጸጎች ጌጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካው አር.ሲ.ኤ. ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ባለ 15 ኢንች የቀለም ቴሌቪዥን 1,000 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ይህም በዛሬ የመግዛት አቅም ሲሰላ ከ11,000 ዶላር ይበልጣል። ዋጋው እንዲህ የወረደበት መንገድ አንድ ኢንዱስትሪ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚሻገርና ትርፉ በማን እጅ እንደሚቀር ያሳያል።

አዝጋሚው ጅምር

የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የቀለም ስርጭት ደረጃን ያጸደቀው በዲሴምበር 1953 ነበር። የተመረጠው ዘዴ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥኖችም ሊታይ የሚችል በመሆኑ ነባር ተመልካቾች አልተጎዱም። ሆኖም ገበያው ለዓመታት አልተንቀሳቀሰም። ጣቢያዎች ባለ ቀለም መቀበያ ያለው ሰው ጥቂት ስለሆነ ለቀለም ፕሮግራም ገንዘብ ማውጣት አልፈለጉም፤ ሕዝቡም ፕሮግራሙ ጥቂት ስለሆነ ውዱን ዕቃ አልገዛም። አር.ሲ.ኤ. ኤን.ቢ.ሲ. የተባለው የስርጭት ጣቢያም ባለቤት ስለነበር ኪሳራውን በሁለቱም ወገን ተሸክሞ መጠበቅ ቻለ። እንዲያም ሆኖ በአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ሽያጭ የጥቁርና ነጩን የበለጠው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

የዋጋው ዋነኛ ምክንያት የስዕል ቱቦው ነበር። በወፍራም መስታወት ውስጥ ሦስት የኤሌክትሮን መተኮሻዎች፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት የብረት ወንፊት፣ እንዲሁም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ የፎስፈር ነጠብጣቦች በፍጹም ልክ መገጣጠም ነበረባቸው። ጥቂት ስሕተት ሙሉውን ቱቦ ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ፋብሪካውን ለማቋቋም የሚያስፈልገው ወጪም ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ የሚያመርት ኩባንያ ቋሚ ወጪውን በብዙ ዕቃ ላይ ያከፋፍላል፤ ሠራተኞቹም ልምድ ሲያካብቱ የሚበላሸው ምርት ይቀንሳል። በዚህ ንግድ ትልቅ የሆነ ይበልጥ ትልቅ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጃፓን እና የገበያ ገደብ

ጃፓን መደበኛ የቀለም ስርጭት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። ኩባንያዎቿ ሙቀት የሚያመነጩትንና ቶሎ የሚቃጠሉትን የቫኩም ቱቦዎች በትራንዚስተርና በተቀናጁ ሰርኪዩቶች ለመተካት ፈጠኑ። በአንድ ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉት ክፍሎች ቁጥር ሲቀንስ መገጣጠሙ ቀለለ፣ ለማሽን የሚመች ሆነ፣ ብልሽቱም አነሰ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣው ትሪኒትሮን ደግሞ በስዕሉ ጥራት ስም አተረፈ።

የአሜሪካ አምራቾች የጃፓን ኩባንያዎች ዕቃቸውን ከተገቢው ዋጋ በታች ያራግፋሉ ሲሉ ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለቱ መንግሥታት የጃፓን ዓመታዊ ሽያጭ ለሦስት ዓመታት ከ1.75 ሚሊዮን ቴሌቪዥን እንዳይበልጥ ተስማሙ። ገደቡ ግን የአሜሪካን ኩባንያዎች አላዳነም። የጃፓን ኩባንያዎች ፋብሪካቸውን በአሜሪካ ምድር ላይ ተከሉ ወይም ነባሮቹን ገዙ። ከሀገሬው አምራቾች የመጨረሻው የነበረው ዜኒት እ.ኤ.አ. በ1995 አብላጫ ድርሻውን ለደቡብ ኮሪያው ኤል.ጂ. አሳልፎ ሰጠ።

ለውጭ ቀለም፣ ለቤት ጥቁርና ነጭ

የደቡብ ኮሪያ ታሪክ ከሁሉም ይለያል። ጎልድስታር፣ የዛሬው ኤል.ጂ.፣ የመጀመሪያውን የኮሪያ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1966 ነበር። ሳምሰንግ ኤሌክትሮኒክስ የተቋቋመውም በ1969 ነው። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ኩባንያዎቹ የቀለም ቴሌቪዥን ወደ አሜሪካ መላክ ጀመሩ፤ የራሳቸው ሕዝብ ግን ዕቃውን መግዛት አይፈቀድለትም ነበር። መንግሥት የቀለም ቴሌቪዥን ብክነትን ያበረታታል፣ በሀብታምና በድሃ መካከል ያለውን ልዩነትም ያጎላል የሚል ስጋት ነበረው። ስለሆነም ዕቃውን በእጃቸው የሚገጣጥሙት ሠራተኞች ማታ ቤታቸው ገብተው የሚያዩት ጥቁርና ነጭ ነበር።

ይህ አሠራር ኢንዱስትሪውን በአንድ ገበያ ላይ አንጠለጠለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 በኮሪያ ቴሌቪዥኖች ላይም ገደብ ስትጥል ፋብሪካዎቹ መውጫ አጡ። በዓመቱ የአገሪቱ ኢኮኖሚ ሲቀንስ መንግሥት አቋሙን ለወጠ። በኦገስት 1980 የአገር ውስጥ ሽያጭ ተፈቀደ፣ በዲሴምበርም የቀለም ስርጭት ተጀመረ። የቤት ውስጥ ገበያው ፋብሪካዎቹን አቆማቸው፤ ከዚያም የጃፓንን ምሳሌ በመከተል ጎልድስታር በአሜሪካ አላባማ፣ ሳምሰንግ በፖርቱጋል ማምረቻ ከፈቱ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ወሳኝ የነበረው በመገጣጠም አለመወሰናቸው ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ1970 ከጃፓኑ ኤን.ኢ.ሲ. ጋር ለቱቦ፣ በ1973 ደግሞ ከአሜሪካው ኮርኒንግ ጋር ለመስታወት የሽርክና ኩባንያዎች አቋቋመ። በቴሌቪዥን ውስጥ ከፍተኛውን ዋጋ የሚይዘውን ክፍል ራሱ በመሥራቱ ገንዘቡም ዕውቀቱም አገር ውስጥ ቀረ። ሳምሰንግ ከ2006 ጀምሮ በቴሌቪዥን ሽያጭ የዓለም ቀዳሚ ለመሆን የበቃው በዚህ ረጅም ጉዞ ነው።

ከቱቦ ወደ ስስ ስክሪን

እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ የኤል.ሲ.ዲ. ቴሌቪዥኖች በሽያጭ ባለ ቱቦዎቹን በለጡ። የወጪው ሕግ ግን አልተለወጠም። ፓናል የሚሠራው በትልቅ የመስታወት ገበታ ላይ ሲሆን ገበታው በኋላ ወደ ስክሪኖች ይቆረጣል። ዛሬ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች 2.94 በ3.37 ሜትር የሆነ ገበታ ይጠቀማሉ፤ ከአንዱም ስምንት ባለ 65 ኢንች ስክሪኖች ይወጣሉ። እንዲህ ያለው ፋብሪካ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ስለሚጠይቅ አንዴ ከተሠራ በኋላ ሥራ ማቆም አይችልም። አምራቾች ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲያስፋፉ ምርቱ ይትረፈረፋል፣ ዋጋው ይወድቃል፤ ገዢ ሲደሰት ባለፋብሪካው ይከስራል።

የቻይና ኩባንያዎች ከአካባቢ መስተዳድሮች ባገኙት የገንዘብ ድጋፍ እነዚህን የኪሳራ ዓመታት ተቋቁመው የኤል.ሲ.ዲ. ፓናልን ገበያ ያዙ። ሳምሰንግም እ.ኤ.አ. በ2022 የኤል.ሲ.ዲ. ፓናል ማምረቱን አቁሞ ከሌሎች ወደ መግዛት ዞረ።

የገጣጣሚው ድርሻ

ተገጣጥሞ ያለቀ ቴሌቪዥን ትልቅና ተሰባሪ በመሆኑ ማጓጓዣው ውድ ነው፤ ቀረጥም ይጨመርበታል። ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ ወደ ገዢው ቀርቦ ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገቡ ቴሌቪዥኖች ላይ 14 በመቶ ቀረጥ ስለሚጥል፣ ከኅብረቱ ጋር የጉምሩክ ስምምነት ያላት ቱርክ በማኒሳ ከተማ በሚገኘው የቬስቴል ፋብሪካ ለአውሮፓ ገበያ ታመርታለች። በግብፅ ቤኒ ሱዌፍ ያለው የሳምሰንግ ፋብሪካም ለአረብና ለአፍሪካ አገሮች ያቀርባል።

እነዚህ ፋብሪካዎች ለብዙዎች እንጀራ ናቸው። ነገር ግን ውዱ ክፍል፣ ማለትም ፓናሉ፣ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ በአገር ውስጥ የሚቀረው እሴት ውሱን ነው። የምርት ስሙ ባለቤቶችም ቢሆኑ ከዕቃው የሚያገኙት ትርፍ ስለቀጠነ፣ ቴሌቪዥኑ ከተሸጠ በኋላ በስክሪኑ ላይ ከሚታዩ ማስታወቂያዎች ገቢ መፈለግ ጀምረዋል።

ገዢው በካርቶኑ ላይ የሚያነበው የአገር ስም እንግዲህ የመጨረሻው ብሎን የታሠረበትን ቦታ ብቻ ይነግረዋል። ኢንዱስትሪ ለመገንባት ለሚሹ አገሮች የኮሪያ ተሞክሮ ግልጽ ነው። መገጣጠም በሩን ይከፍታል፤ ቤቱ የሚሠራው ግን ቱቦውን፣ መስታወቱን፣ ፓናሉን በየተራ ለመሥራት በሚወጣ የዓመታት ልፋት ነው።