አዞና ጉማሬን ከጀልባ ላይ ማየት

የጎረቤታችን ልጅ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሄደና፣ ለመጀመሪያው ዕረፍቱ ወደ ከተማችን ማሻ ሲመለስ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሆኖ አዞ ማየቱን አወራልን። እናቱ ቡና እየቀዱ ነበር። ጀበናውን አስቀመጡና «ምን ቢቀብጥህ ነው አንተ ልጅ፣ ከአዞ ጋር ውሃ የገባኸው?» አሉት። «ውሃ አልገባሁም እማዬ፣ ጀልባ ላይ ነበርኩ» ቢላቸውም አልተዋጠላቸውም። ጀልባዋን ቢገለብጣትስ? መንገዱን የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ነበር? ለመሆኑ ምን ልታዩ ሄዳችሁ? ልጁ የቻለውን ያህል መለሰ። ጥያቄዎቹ ግን ከቻለው በላይ መልስ ይገባቸዋል፤ እኔም በኋላ ጫሞን በዓይኔ ካየሁት ወዲህ በደንብ ልመልሳቸው ስፈልግ ቆይቻለሁ።

የእናትየው ፍርሃት ከየት እንደመጣ ማሻን የሚያውቅ ይረዳዋል። እኛ ዘንድ ወንዝ የሚሻገሩት እንጂ የሚጓዙበት አይደለም። ዝናቡ በጋ ከክረምት አይመርጥም፤ ከቀርከሃውና ከደኑ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ሁሉ ቁልቁል ይሮጣል። ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሮን ያየ ሰው የሚያስታውሰው አረፋውን፣ ድንጋዩንና ድምፁን ነው። በዚህ ውሃ ላይ ጀልባ ማሰብ አይቻልም፤ አዞም አይኖርበትም። ሁለቱ የማይገኙበት ምክንያት ደግሞ አንድ ነው።

ማሻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ላይ። ባሮ ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ውስጥ ይወርደዋል። ከኢሉ አባቦራና ከወለጋ በኩል የሚመጡት ገባ፣ ሶርና ብርብርም ተቀላቅለውት ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይበርዳል፣ ስፋቱ ይጨምራል። ፍጥነቱ የቀነሰ ወንዝ የተሸከመውን አሸዋና ደለል ያራግፋል። አሸዋው ሲከማች አዞ ፀሐይ የሚሞቅበትና እንቁላሉን የሚቀብርበት ዳርቻ ይሆናል። ደለሉ ላይ ሣር ይበቅላል፤ ጉማሬ ማታ ማታ የሚግጠው እሱን ነው። ዓሣውም ረጋ ባለ ውሃ ይራባል፤ ዓሣ ካለ ወፉ ይከተላል። እንግዲህ ጀልባ ያለ ችግር የሚንሳፈፍበት ውሃና አዞ የሚመርጠው ውሃ ያው አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ጉብኝት የሚቻለውም፣ ጥንቃቄ የሚፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጀልባዋ የምትገባው ባለቤት ካለው ቤት ነውና።

ባሮ ጀልባን የሚያውቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። የአኙዋክ ዓሣ አጥማጆች ከግንድ በተቦረቦረች ታንኳ ይቀዝፉበታል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ፤ ጋምቤላም በዚሁ ምክንያት የወደብ ከተማ ሆነች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ከጎሬና ከአካባቢው ደጋ በበቅሎ የወረደ ቡና ተጭኖ ይሄዳል፤ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። በጋ ሲገባ ውሃው ስለሚጎድል መርከቡ ይቀራል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ዘመን ከጊዜ በኋላ አበቃ። የኛ አገር ቡና በኛው ወንዝ ላይ ተንሳፍፎ ወደ ዓለም ይወጣ እንደነበር ማሻ ውስጥ ስንቱ ወጣት እንደሚያውቀው እንጃ። ትምህርት ቤት ባስተምር ኖሮ የመጀመሪያ ቀን የምነግራቸው ይህንን ነበር።

ያው ባሮ ግን በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ሲዋኝ የነበረ አንድ አሜሪካዊ በጎ ፈቃደኛ ወጣትን በአዞ አስበልቷል። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደግሞ አርባ ምንጭ አጠገብ በአባያ ሐይቅ ዳር ሰዎችን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተገድለዋል። እነዚህን ያነሳሁት የልጁን እናት ይበልጥ ለማስፈራት አይደለም። ሁለቱም ሰዎች የነበሩት ውሃው ውስጥ ነበር። አዞ አድብቶ የሚያድነው ከዳርቻ ነው፤ ውሃ የሚጠጣ፣ የሚታጠብ፣ የሚሻገር እንስሳ የሚያገኘው እዚያ ነዋ። በጥሩ ጀልባ ውስጥ አርፎ የተቀመጠ ሰው ከሐይቁ ዳር እግሩን ከሚታጠበው ሰው ይልቅ ከአዞ የራቀ ነው።

ጀልባው የት ይገኛል ቢባል፣ አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ሌላው ዓለም በባሕር ጠረፍ ረግረግ ውስጥ በጀልባ እየዞረ እንስሳ ሲያይ እኛ ያለን ሐይቅና ወንዝ ነው። ጣና ላይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ይታያል፤ የደንገል ታንኳም አለ። ሐዋሳም ጉማሬ አለ። የኡጋንዳ ሰዎች ኤድዋርድና ጆርጅ የተባሉትን ሐይቆች የሚያገናኘውን የካዚንጋ ቦይ በዚህ ሥራ በዓለም አሳውቀውታል። አዞን በብዛት በጀልባ ሆኖ ለማየት ግን ከጫሞ የሚስተካከል ቦታ አገር ውስጥ አላውቅም።

ጫሞ ከአባያ ጎን ያለ ሐይቅ ነው፤ ሁለቱን የሚለያቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ ተራራማ መሬት ነው። አባያ ቡናማ ነው፣ ጫሞ የጠራ። የጫሞ ከፊል የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ይገባል። ጎብኚ የሚሄድበት ቦታ «አዞ ገበያ» ይባላል። የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር የለም፤ አዞዎቹ እንደ ገበያተኛ ተጠጋግተው ዳር ላይ ስለሚጋደሙ የወጣ ስም ነው። ከመሀላቸው ከ5 ሜትር የሚበልጡ አሉ። ብዙ ሰው ይህን በአባያ ዳር ካለው የአዞ እርባታ ጣቢያ ጋር ያምታታዋል፤ ጣቢያው በግንብ የታጠሩ አዞዎች የሚያድጉበት ነው፣ አዞ ገበያ ግን የአዞዎቹ የራሳቸው ቤት ነው።

ጉብኝቱ እንዲህ ይካሄዳል። ጎብኚው የፓርኩን መግቢያ ይከፍላል፣ ጀልባ ይከራያል። ጀልባዋ ከኋላዋ ሞተር ያላት፣ ጥቂት ሰው የምትይዝ ናት። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ያስጎበኛል፤ አንዳንዴ ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሰው ነው። ከዳር ተነስታ በፍጥነት ትሄድና ወደ ቦታው ስትቃረብ ድምፅዋን ትቀንሳለች። ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። እኔን የገረመኝ ከአዞው ሁሉ በፊት ይህ ነበር፤ ከሞተሩ ጩኸት በኋላ የሚመጣው ጸጥታ። ውሃው የጀልባዋን ጎን ሲልሰው ይሰማል፤ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ከባድ ነገር ሲተነፍስ። አስጎብኚያችን ጣቱን ዘረጋ። ድንጋይ የመሰሉኝ አምስት ነገሮች ጆሮ አወጡ።

ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚያሳልፈው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው። ከቆዳው የሚወጣው ቀላ ያለ ፈሳሽ ደም ይመስላል፤ ነገር ግን ከፀሐይ የሚከላከልለት የራሱ ቅባት ነው። ዋናተኛም አይደለም፤ ወለሉን በእግሩ እየረገጠ ነው ውሃ ውስጥ የሚሄደው። አዋቂው ወንድ አንድ ቶን ተኩልና ከዚያም በላይ ይመዝናል። በየጥቂት ደቂቃው ለመተንፈስ ብቅ ይላል፤ በብቅታዎቹ መሀል የት እንዳለ የሚያውቅ ጥሩ ጀልበኛ ብቻ ነው። አፉን በሰፊው ሲከፍት እንቅልፍ መጥቶበት ሲያዛጋ ይመስላል፣ ሰዉም ፎቶ ለማንሳት ይሻማል። እሱ ግን ጥርሱን እያሳየ «ከዚህ አትለፉ» ማለቱ ነው። ጀልበኛው ይህን ሲያይ ዝም ብሎ ወደ ኋላ ይላል። ግልገል ያላት እናት ደግሞ ማስጠንቀቂያ ላትሰጥም ትችላለች። በጉማሬና በጥልቁ ውሃ መሀል መግባት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ነውና፣ መንገዱ ላይ ያገኘውን አይምርም። የልጁ እናት ለጠየቁት «ጀልባዋን ቢገለብጣትስ?» መልሱ እዚህ ነው። ሊገለብጣት ይችላል። የማይገለብጣት ርቀቱ ሲጠበቅ ነው።

አዞው ሌላ ጠባይ አለው። ደሙ ራሱን አያሞቅም፤ ጠዋት ከውሃ የሚወጣው ሙቀት ከፀሐይ ለመበደር ነው። ሲበዛበት አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ያ ቁጣ አይደለም፣ ሙቀቱን እያስተነፈሰ ነው። እንግዲህ የተከፈተ አፍ በጉማሬ ዘንድ ዛቻ፣ በአዞ ዘንድ ዕረፍት ነው፤ ይህን ልዩነት ለእንግዳ የሚያስረዳው አስጎብኚው ነው። ሴቷ አሸዋ ቆፍራ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትቀብርና ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ጫጩቱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በጎጆው ሙቀት ነው። ሊፈለፈሉ ሲሉ ከአሸዋው ውስጥ ይጮኻሉ፤ እናትየው ቆፍራ ታወጣቸውና በአፏ ይዛ ወደ ውሃ ትወስዳቸዋለች። ያ መንጋጋ እንዲህ ለስላሳ መሆን መቻሉን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል።

ከላይ ደግሞ ዓሣ በል ንስሩ አለ፤ ራሱ ነጭ፣ ድምፁ ከሐይቁ ማዶ የሚሰማ። ፔሊካኖች በቡድን ሆነው ዓሣ ይከብባሉ። አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ የዓሣ አጥማጁን ትርፍ ይጠብቃል።

አሁን ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ልናገር። በጉብኝቱ ላይ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው አዞም ጉማሬም ሳይሆን «ትንሽ ጠጋ በልልን፣ ጉርሻ አለህ» የሚል ጎብኚ ነው። ጀልበኛው ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነው፤ ጉርሻው በመጠጋት የሚገኝ ከሆነ ይጠጋል። ሌላውም ጀልባ ያንን አይቶ ይጠጋል። አዞዎቹ በተደጋጋሚ ወደ ውሃ ሲባረሩ የሚያስፈልጋቸውን ፀሐይ ሳያገኙ ይቀራሉ። እናት አዞ ጎጆዋን ጥላ ስትሸሽ አርጃኖ መጥቶ እንቁላሉን ቆፍሮ ይበላል። ከዓመታት በኋላ ዳርቻው ባዶ ይሆናል፤ ጀልበኛውም ሥራ ያጣል። እኛ የማሻ ሰዎች ይህ ነገር አይጠፋንም፤ ደን ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ማሩን ሲቆርጥ ለንቡ ሳያስቀር አይወርድም። ስለዚህ ጉርሻችሁን ለመጠጋት ሳይሆን ለመራቅ ስጡ። «አይሆንም፣ ከዚህ አናልፍም» ያላችሁን አስጎብኚ ስትወርዱ አመስግኑት፣ እጁም ላይ አንድ ነገር አድርጉለት።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር። ከማሻ አርባ ምንጭ የሚደረሰው በቴፒ፣ በሚዛን፣ በቦንጋና በጅማ አድርጎ፣ በዳውሮ በኩል ወላይታ ሶዶ ወጥቶ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፣ ከመነሳት በፊት ሁኔታውን መጠየቅ ግድ ይላል። ጠዋት ይሻላል፤ ውሃው የተኛ ነው፣ አዞውም ፀሐይ ፍለጋ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታል። ዋጋው ለጀልባው ይሁን ለሰው፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን ሳታዩ አትሳፈሩ፤ ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፣ አታፍሩ። ጀልባዋ ላይ ሁሉም ባንድ ጎን አይቁም። እጅ ውሃ ውስጥ አይነከር። ለእንስሳቱ ምግብ አይወርወር። ከደጋ የምንወርድ ሰዎች ወባ ማሰብ አለብን፤ አጎበር ያለበት ማደሪያ ያዙ። በብዙ ሐይቆቻችን ዳር ቢልሃርዝያ ስላለም በባዶ እግር ውሃ አትግቡ።

አመሻሹ ላይ የሄዳችሁ እንደሆነ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። በዚያ ሰዓት ጉማሬ ከውሃ ይወጣል፤ ወደ ግጦሹ የሚሄደው ሁልጊዜ በሚረግጣት ጠባብ መንገድ ነው፣ መንገዷም በሣሩ መሀል ለሰው የተጠረገች ትመስላለች። እዚያ ላይ ፎቶ ለማንሳት አትቁሙ። ከጀልባው ወርዳችሁ መኪናው ጋ እስክትደርሱ አስጎብኚው ይቅደም፣ እናንተ ተከተሉት።