ማይክሮዌቭ ዝም ሲል

ከወጥ ቤት ዕቃዎች እንደ ማይክሮዌቭ የሚታማ የለም፤ ሐሜቱ ግን አብዛኛው ከባለቤቱ ጥድፊያ የመጣ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ማግኔትሮን የሚባለው ክፍል በሴኮንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚዋዥቅ ሞገድ ያመነጫል፤ ምግቡ ውስጥ ያለው ውሃ ሞገዱን ይዞ ይሞቃል። ማግኔትሮን የራዳር ዕቃ ነበር፤ የሬይተን ኩባንያው ፐርሲ ስፔንሰር ምግብ ለማብሰል ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው።

ውሃ ሲባል ግን ፈሳሹ ነው፤ የነገሩ ቁልፍም ይኸው ነው። በበረዶ ውስጥ ሞለኪውሎቹ ተቆላልፈው ስለተያዙ ከሞገዱ ጋር መዟዟር አይችሉም፤ ስለዚህ ሞገዱ በአብዛኛው ሳይያዝ ያልፋል። ከፍሪዘር የወጣ ዶሮ ወጥ ጠርዙ ላይ ትንሽ ሲሟሟ ግን ያ ጠርዝ፣ ጨውም ስላለበት፣ ሞገዱን ከበረዶው እጅግ አብልጦ ይወስዳል። በሙሉ ኃይል የለቀቀው ሰው የሚያገኘው ዳር ዳሩ እየተንተከተከ ክዳኑን የሚረጭ፣ መሃሉ ግን ማንኪያ የማያስገባ ወጥ ነው። «ማይክሮዌቭ ከውስጥ ወደ ውጭ ያበስላል» የሚለው ወሬም እዚሁ ይወድቃል፤ ሞገዱ ጥቂት ሴንቲሜትር ገብቶ ይደክማል፣ መሃሉ የሚሞቀው ከዳሩ በሚተላለፍ ሙቀት ነው። ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ኃይል፣ ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃ ነው።

በረዶ ማቅለጫው ቁልፍ የተሠራው ለዚህ ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ሞገዱን አያለዝበውም፤ እያበራ ያጠፋዋል። ሳህኑ እየዞረ ድምፁ የሚቀንስበት ጊዜ የሟሟው ክፍል ሙቀቱን ለበረዶው የሚያቀብልበት ነው። ብዙ ሰው ግን «ሰነፈ» ብሎ በሩን ይከፍትና ወደ ሙሉ ኃይል ያዞረዋል፤ ከዚያ ወጡ አልሞቀም ብሎ ማሽኑን ይረግማል።

«እንዲህ ከሆነ ሌሊቱን ጠረጴዛ ላይ ቢያድርስ?» የሚል አይጠፋም። ጠረጴዛ ላይ ሲያድር መሃሉ ገና በረዶ ሳለ ላዩ ለብ ብሎ ሰዓታት ይቆያል፤ ባክቴሪያ የሚራባውም በዚያ ሙቀት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ከሁሉም ይሻላል፣ ይህ አያከራክርም፤ ግን እንግዳ በር ላይ ቆሞ ፍሪጅ መፍትሔ አይሆንም። በማይክሮዌቭ የቀለጠ ጥሬ ሥጋም ጠርዙ ቀድሞ ስለሚሞቅ ወዲያው መብሰል አለበት እንጂ ተመልሶ አይቀመጥም። ወጡ ከሟሟ በኋላ ደግሞ እየተማሰለ ይሙቅ፤ መሃሉ 74 ዲግሪ ይድረስና ሁለት ሦስት ደቂቃ ተሸፍኖ ይረፍ። የዶሮ ወጡ እንቁላል ግን ሙሉውን አይገባም፤ ውስጡ የታፈነው እንፋሎት ያፈነዳዋል፣ አንዳንዴም ከወጣ በኋላ፣ ሹካ ሲነካው። ለሁለት ተሰንጥቆ ይግባ፤ ፍሪዘር ውስጥ ከርሞ ከሆነ ደግሞ ነጩ እንደ ላስቲክ ስለሚሆን አዲስ መቀቀሉ ይሻላል።