ስለ «ጠፋ» እና «ደመሰሰ»

መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ተንቀሳቃሽ ስልክ ለመጠበቅ በሚያወጡት ደንብ ውስጥ እጅግ አሻሚ ሆኖ ያገኘነው ግሥ «ጠፋ» ነው። የአንድ ድርጅት ሾፌር ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ ሲጓዝ ቦርደዴ ላይ ስልኩ ጠፋ እንበል። ከእጁ ወጣ ማለት ነው፣ ወይስ ባትሪው አለቀ? «ስልኩ ይጥፋ» የሚል ትእዛዝ ሲከተልማ አሻሚነቱ ጉዳት ያመጣል። ትእዛዙ የደረሰው ሠራተኛ «መስመሩ ይዘጋ» ማለት መስሎት ሲም ካርዱን አስቀድሞ ካዘጋ፣ ስልኩ በዋይፋይ ካልተገናኘ በቀር ይዘቱን ከሩቅ የሚፍቀው መልእክት አይደርሰውም፤ የድርጅቱም ሰነድ በማይታወቅ ሰው እጅ ይቀራል።

ስለዚህ «ጠፋ» ለመሰወር ብቻ እንዲወሰን፣ ለኃይል «ተዘጋ»፣ ለመስመር «ታገደ»፣ ለይዘት «ተደመሰሰ» እንዲባል እናቀርባለን። «ደመሰሰ» የጦር ሜዳ ቃል ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የግዕዙ «ደምሰሰ» ጽሑፍ መፋቅንም ስለሚያመለክት ተቃውሞው አያሳምነንም። ስሙም ከ«መረመረ» «ምርመራ» እንደሚወጣ ሁሉ «ድምሰሳ» ይሆናል። ስልኩ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ «ሙሉ ድምሰሳ»፣ የሠራተኛው የግል ንብረት ከሆነ ግን የሥራውን ፋይል ብቻ የሚያነሣ «ከፊል ድምሰሳ» ተብሎ በደንቡ ይጻፍ፤ ያለዚያ የልጆቹ ፎቶግራፍ ከጭነቱ ደረሰኝ ጋር አብሮ ይሄዳል።