ንባቡ ከሆድ፣ ትርጓሜው ከአንጎል

ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተሰሜን፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቅጥር ግቢ በሚገኝበት በጊጊሪ፣ ወንጋሪ ማታይና ባልንጀሮቻቸው ከመሬት ቀራማቾች ተከራክረው ባስጣሉት በካሩራ ደን ጥግ፣ በአንድ ብርዳም የሐምሌ ጧት፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ ከደብረ ማርቆስ ከመጡ እናት ጋራ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። እኒህ እናት ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ቀኝ እጃቸውን ከእምብርታቸው ከፍ አድርገው በሆዳቸው ላይ አሳርፈው፣ ደኑን ሳይሆን መሬት መሬቱን እየተመለከቱ፣ «ልጄ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉኝ። «ያምዎታል ወይ፣ እማማ?» ብላቸው፣ «አያመኝም፤ ባር ባር ነው የሚለኝ» ሲሉ መለሱልኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድናቸው። ሐኪሙ አማርኛ፣ እሳቸውም እንግሊዝኛ ወይም ስዋሂሊ ስለማያውቁ አስተርጓሚው እኔ ነበርሁ። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ያሉትን «ሆዳቸውን ያማቸዋል» ብዬ አስተላለፍሁት፤ ሐኪሙም የሰማውን ይዞ የጨጓራ መድኃኒት አዘዘላቸው። ጥፋቱ የኔ ነበር። በዚህ ጥፋት ተጸጽቼ ነው አንጎል የሰውነትን ውስጥ እንዴት እንደሚያዳምጥና ከዚያም ስሜት የምንለውን ነገር እንዴት እንደሚፈጥር ማንበብ የጀመርሁት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማርኛችን ስሜትን ያኖረው በሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። የተቈጣ ሰው ቆሽቱ ያርራል፤ የፈራ ሐሞቱ ይፈሳል፤ የራራ አንጀቱ ስፍስፍ ይላል፤ ደስ ያለው አንጀቱ ቅቤ ይጠጣል፤ ቶሎ የሚያለቅሰው ሆደ ቡቡ፣ ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ኵርፊያ የሚቀናው ሆደ ባሻ ይባላል። መዝሙረ ዳዊትም ከልብ ጋራ ኵላሊትን የአሳብ ማደሪያ አድርጎ እንደሚያነሣ የቤተ ክህነት ሰዎች ያውቃሉ። በዘመናዊ ትምህርት ያደግን ሰዎች ይህን ሁሉ የቋንቋ ጌጥ አድርገን ስንቈጥረው ኖረናል፤ እኔ ግን አሁን የምስክርነት ቃል ይመስለኛል፤ ቃሉን የሰጡትም የራሳቸውን ገላ በትዕግሥት ያዳመጡ ሰዎች ናቸው።

በቀድሞው ትምህርት አምስቱ ሕዋሳት ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ ናቸው። (ዛሬ «ሕዋስ» የሚለው ቃል ለሰውነት ጥቃቅን ክፍሎች ስለተሰጠ፣ የጥንቱ ፍቺው ከተማሪ ቤት እየጠፋ መሄዱ ያሳዝነኛል።) አምስቱም ወደ ውጭ የተከፈቱ በሮች ናቸው። እንግሊዛዊው ሊቅ ቻርልስ ሸሪንግተን ግን በ1906 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከውጭው ዓለም የሚመጣውን ስሜት ከሰውነት ውስጥ ከሚነሣው ለይቶ ለእያንዳንዱ ስም ሰጠው። የልብ ምት፣ የእስትንፋስ ማጠር፣ ረኀብና ጥም፣ የአንጀት መላወስ፣ የደም ሙቀት፣ ይህ ሁሉ በውስጠኛው ሕዋስ የሚታወቅ ነው።

የዚህ ሕዋስ ዋና መልእክተኛ ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው፤ ስሙ በላቲን «ዘዋሪ» ማለት ሲሆን፣ በእውነትም ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በአንገት በኩል ወርዶ ልብን፣ ሳንባን፣ ጨጓራንና አንጀትን ሲዞር ይኖራል። ብዙ ሰው ይህ ነርቭ የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ታች የሚያደርስ ይመስለዋል። ነገር ግን በውስጡ ካሉት ክሮች ከ5ቱ 4ቱ ያህል የሚሠሩት ወደ ላይ ነው፤ ማለት የሆድ ዕቃን ወሬ ወደ አንጎል ይወስዳሉ። እንደዚሁም በአንገትና ከልብ በሚወጣው ትልቅ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ያሉ ነርቮች፣ ልብ በመታ ቍጥር የሥሩን መለጠጥ እየለኩ ለአንጎል ይነግራሉ።

ወሬው ሁሉ በየደረጃው እየተጣራ ከሚደርስባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ በአንጎል ጎን እጥፋት ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኝ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ክርስቲያን ራይል በ1809 የገለጸውና ኢንሱላ፣ በአማርኛ «ደሴት»፣ የተባለው ክፍል ነው። በ2004 ሂዩጎ ክሪችሌይና ባልንጀሮቹ፣ ሰዎች እጃቸውን ሳይነኩ የልባቸውን ምት እንዲከታተሉ አድርገው አንጎላቸውን በመሣሪያ ሲመለከቱ፣ የቀኙ ደሴት የፊተኛ ክፍል ይበልጥ የሠራላቸው ሰዎች ምታቸውን በትክክል የሚያውቁ ሆነው ተገኙ።

እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ በእናቲቱ ዘንድ ሞከርሁት። የእጃቸውን አንጓ እኔ ይዤ፣ እሳቸው ደግሞ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ልባቸው በመታ ቍጥር የመቍጠሪያቸውን አንዳንድ ፍሬ እንዲያሳልፉ ለመንኋቸው። አውራ ጣታቸው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየገፋ ሲሄድ አንድ ደቂቃ ሞላ። እኔ 104 ቈጠርሁ፤ የእሳቸው ከኔ የተለየው በሦስት ብቻ ነበር። በመጀመሪያ ያስገረመኝ ትክክለኛነታቸው ሲሆን፣ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያሳሰበኝ ራሱ ቍጥሩ ሆነ፤ ያረፈ ሰው ልብ እንዲህ መቸኰል አልነበረበትምና።

እዚህ ላይ ከነገሩ ሥር እንደርሳለን። በአብነት ትምህርት ቤት ንባብ ሌላ ነው፤ ትርጓሜ ሌላ ነው። መምህሩ አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ልዩ ልዩ ፍቺ ያወጣለታል። የሰውነት ወሬም እንደ ንባብ ነው፤ የልብ መምታት አንድም ፍርሃት ነው፣ አንድም ፍቅር ነው፣ አንድም ዳገት የመውጣት ድካም ነው፣ አንድም የደም ማነስ ነው። ከነዚህ መካከል መርጦ «ፈራሁ» ወይም «ናፈቅሁ» የሚያሰኘን የአንጎል ትርጓሜ ነው።

አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1884፣ ስለፈራን ልባችን አይመታም፣ ይልቁንም ልባችን መምታቱን ስንሰማ ያን ጊዜ ፍርሃት ይሰማናል ብሎ ጻፈ። ዋልተር ካነን በ1927 ተቃወመው፤ ቍጣውም ፍርሃቱም በሆድ ዕቃ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ሰው አንዱን ከሌላው በምን ይለየዋል? ሲል ጠየቀ። በ1962 ስታንሊ ሻክተርና ጀሮም ሲንገር፣ ልብን የሚያስመታ አድሬናሊን ለተማሪዎች ወግተው፣ ስለ ኃይሉ ያልተነገራቸው ተማሪዎች አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ሲደሰት ወደ ደስታ፣ ሲቈጣም ወደ ቍጣ ያዘነብላሉ አሉ። በኋላ የደገሙት ሌሎች ውጤቱን እንደዚያ አጥርተው ስላላገኙት፣ እኔ ይህን ምርምር እንደ መጨረሻ ፍርድ አልቀበለውም። ሆኖም የካነን ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከንባቡ ይልቅ በትርጓሜው በኩል መሆኑን አምናለሁ።

ደግሞም አንጎል ወሬው እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ካለፈው ኑሮ ተነሥቶ የሚመጣውን አስቀድሞ ይገምታል። የተጠማ ሰው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሲጨልጥ ጥሙ ወዲያው ይቈረጣል፤ ውሃው ግን ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ብዙ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። አንጎል ያረካን ውሃው በሚገባ ከመድረሱ በፊት፣ በአፍና በጕሮሮ ምልክት ብቻ፣ ሊደርስ መሆኑን አውቆ ነው።

እንግዲህ በሆድ በኩል የሚነገር ጭንቀት የአገራችን ብቻ አይደለም። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ ጭምር ሥራ ላይ የዋለው፣ የዓለም የጤና ድርጅት የአእምሮ ጭንቀትን ለመለየት ያዘጋጀው የ20 ጥያቄዎች መዝገብ፣ ከኀዘንና ከለቅሶ ጋራ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ እጅ መንቀጥቀጥና በሆድ ስለሚሰማ ደስ የማይል ስሜት ይጠይቃል።

እናቲቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ስንወስዳቸው ቃላቸውን አላሳጠርሁም። ሕመም አለመሆኑን፣ ከመጡ ጀምሮ መሰማቱን፣ ልባቸውም እንደሚቸኵል ተናገርሁ። ደማቸው ሲመረመር የደም ማነስ ተገኘ፤ ልባቸው የቸኰለው በቀጠነው ደም በቂ አየር ለማድረስ ነበር። ሐኪሙ ምክንያቱን አጣርቶ የብረት ክኒን ሰጣቸው፤ ከሳምንታት በኋላ ምቱ ረጋ፣ ባር ባሩም በብዙ ቀለለ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። የቀረው ናፍቆት ነበርና ለዘመን መለወጫ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ።

ስለዚህ በባዕድ አገር በሐኪም ፊት ለእናትህ ወይም ለአባትህ የምታስተረጕም ወንድሜ፣ እኅቴ ሆይ፣ «ሆዴ» ያሉህን «ጨጓራ» ብለህ አትቍረጠው፤ የተናገሩትን እንዳለ አድርስ፣ የልብ ምታቸው እንዲቈጠርና ደማቸው እንዲመረመር ለምን፤ ወደ ቤት ስትመለሱም ማን እንደናፈቃቸው አንተው ራስህ ጠይቃቸው።